የዛገ ብረት ላይ የወጡ ፊደላትን እንዴት ቀለም እንቀባለን?

የአያት የእግር ስፌት መኪና፣ የድሮ ሚዛን፣ ጥግ የተወረወረ ሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ መያዣ) ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ አብረው የወጡት ፊደላት ዝገቱ ሥር አሁንም አሉ።

መጀመሪያ ጊዜውን ምረጡ። የጎንደር ክረምት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እርጥብ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ውሎ አድሮ ይላጣል። መስከረም ይለፍ፣ ጠዋትም ፀሐይ ብረቱን ታሙቀው።

ቅባቱን በሳሙና አጥቡና ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ። አሮጌ ቀለም ካለበት እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል እያራሳችሁ ሥሩ፤ ማስክ አድርጉ፣ ሕፃናትን አርቁ። የፊደላቱን ጥጋጥግ በጥርስ ብሩሽና በሹል እንጨት አውጡ። ግራይንደር ግን እባካችሁ ፊደል አጠገብ አታድርሱ። የፊደሉን ጠርዝ ይበላዋል፣ የተበላ ጠርዝ ደግሞ በምንም ቀለም አይመለስም። በመዶሻም አትምቱት፤ ጊዛ (ቀልጦ የፈሰሰ) ብረት ይሰነጠቃል።

ጽሑፉ አልነበብ ካለ ብረቱ ሲደርቅ ጠመኔ አጋድማችሁ እለፉበት። ከፍ ያለው ብቻ ይነጣል፤ የተደበቀ ፊደል፣ አንዳንዴም የተሠራበት ዓመት ብቅ ይላል። ፎቶ አንሱት።

ጠመኔውን ጠርጋችሁ ብረቱን በቲነር አብሱና በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቡ፤ የተራቆተ ብረት ካደረ ተመልሶ ይዝጋል። ሲደርቅ የመደቡን የዘይት ቀለም፣ ለምሳሌ ጥቁር፣ ሁለቴ በስሱ ደርቡ። ወፍራም ቀለም ፊደሉን ይውጠዋል። መደቡ በደንብ እስኪጠነክር ጥቂት ቀን ታገሱ።

አሁን ወደ ፊደሉ። እኔ ከብሩሽ ይልቅ ጠንከር ያለ ትንሽ የስፖንጅ ሮለር እመርጣለሁ። የፊደሉን ቀለም፣ ለምሳሌ ነጭ፣ አስነኩትና ዱካው እስኪሳሳ ካርቶን ላይ ደጋግማችሁ አንከባልሉት። ከዚያ ሳትጫኑ በፊደላቱ አናት ላይ እለፉ። በመጀመሪያው ዙር ምንም የያዘ አይመስልም። ስትደግሙት ነጩ አናቱ ላይ ይቀመጣል፣ ጥቁሩ መደብ ሥሩ ይቀራል። ከተጫናችሁት ግን ቀለሙ በጎን ይወርዳል። ያኔ ሳይደርቅ፣ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በነካ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት።

ዝገት በልቶት ከመደቡ ጋር የተስተካከለ ፊደል ሮለር አይነካውም። እዚያ ላይ ፎቶውን እያያችሁ በቀጭን የሥዕል ብሩሽ ሙሉት።

የወርቅ ቀለም ያምራል፣ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይደበዝዛል። የስፌት መኪናው እንደ ፒያሳ ልብስ ሰፊዎች በረንዳ ላይ የሚውል ከሆነ ነጭ ወይም ክሬም ይሻላል።