የሕንፃን አሠራር ወደ ሥዕልና ቅርጽ እንዴት እናመጣለን?

ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ከግንባታ ሙያ የወሰደው ዋናው ነገር የሕንፃን መልክ ሳይሆን አሠራሩን ነው፤ ሥራው በምን እንደቆመና ከምን እንደተሠራ ሳይሸሸግ እንዲታይ ማድረግን። ይህን በተግባር ለመማር ለሚፈልግ ጀማሪ ሠዓሊ ከብሔራዊ ቴአትር እስከ አፍሪካ አዳራሽ ያለው መንገድ ለአንድ ቀን ይበቃዋል። ከሰል፣ ወፍራም ወረቀትና ትሬሲንግ ፔፐር የሚባለውን አሳላፊ ወረቀት መያዝ አይዘንጋ።

ጉዞው ከብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ቢጀመር ይመረጣል። ሞሪስ ካልካ እ.ኤ.አ. በ1955 ያቆመው የድንጋይ አንበሳ ጸጉሩ አንድ በአንድ የተቀረጸ ሳይሆን በሰፋፊ ገጾችና በጠርዞች የተገነባ ስለሆነ፣ ጠዋት ፀሐይ ዘንበል ባለችበት ሰዓት ምንም መስመር ሳያሰምሩ ጥላዎቹን ብቻ በከሰል ማጥቆር ያስፈልጋል። ለዓይኑና ለአፉ የሚቸኩል ሰው ሐውልቱን ትቶ የአራዊት ሥዕል ይሥላል።

በአቅራቢያው አንሪ ሾሜት የነደፈው የንግድ ባንክ ክብ ሕንፃና የባንኩ አዲስ 209 ሜትር ሕንፃ አሉ። ሁለቱን ከተለያየ ቦታ ቆሞ በተለያየ አሳላፊ ወረቀት ላይ ሥሎ መደራረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ መህረቱም እንዲሁ የሕንፃ ንድፎችን በሸራ ላይ በማነባበር ትታወቃለች።

ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት ግን ሊሰጡት የሚገባው በግንባታ ላይ ላለ ሕንፃ ነው። የሶቪየት ሠዓሊ የነበረው ቭላድሚር ታትሊን ብረትን፣ እንጨትንና ሽቦን ሳያስመስል እንዳሉ ተጠቅሞ በግድግዳ ማዕዘን ላይ የሚወጠሩ ሥራዎችን ሠርቷል፤ ከፍታው 400 ሜትር እንዲሆን ያሰበው ግንብ ከሞዴል አለማለፉ ደግሞ በቁርጥራጭ ለምንሠራ ሰዎች መጽናኛ ነው። የባሕር ዛፍ መወጣጫው እንዴት እንደታሰረ በደንብ ከተመለከቱ በኋላ፣ ፎርማኑን አስፈቅዶ የተጣለ ፌሮ፣ ጥቁር ሽቦና ቆርቆሮ መሰብሰብ ይቻላል፤ ቆርቆሮ ስለሚቆርጥ ጓንት ግድ ነው። ቁርጥራጮቹን በማጣበቂያ ከማያያዝ ይልቅ ፌሮ አሳሪዎች እንደሚያደርጉት ሽቦውን በጉጠት ጠምዝዞ ማሰር ይሻላል፣ ምክንያቱም መጋጠሚያው ራሱ መታየት አለበት። ከዚያ አንዱን ቁራጭ አውጥቶ ማየት ነው፤ የቀረው ካልተነቃነቀ ያ ቁራጭ ጌጥ ብቻ ነበርና አይመለስም።

በመጨረሻ አፍሪካ አዳራሽ አለ፤ ግቢው በጥበቃ ሥር ስለሆነ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው በዚህ ሕንፃ ውስጥ፣ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል በግድግዳ ላይ የተሰቀለ አይደለም፤ ግድግዳው ራሱ ሥዕል ሆኗል። በመስታወት ሥራ ጥቁሩ መስመር ቁርጥራጮቹን አያይዞ የሚያቆም አካል ነው። ስለዚህ ቤት ሲገቡ የተደራረቡትን ወረቀቶች መስኮት ላይ ለጥፎ፣ ሁለት ቅርጾች አንዱ ሌላውን በሚይዝበት ቦታ ብቻ መስመሩን ማወፈር፣ ሌላውን መስመር ሁሉ በላጲስ ማጥፋት ነው።