ግራፉ አልናገር ሲላችሁ፦ ለካታጎሪካል ዳታ የትኛው ግራፍ?

ካታጎሪካል ዳታ በስም የሚለይ መረጃ ነው። ወረዳ፣ የሰብል ዓይነት፣ ጾታ፣ «ረክቻለሁ / አልረካሁም» የሚል መልስ። የምንቆጥረው በየስሙ ሥር ስንት ሰው ወይም ስንት ቤት እንዳለ ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ የወረዳ ሪፖርት የሚያዘጋጅም ሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው፣ ከዳታው ትልቁ ክፍል ይኸው ነው።

ግራፉ አላምር ሲል ብዙ ሰው ቀለም ሲቀያይር ያመሻል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሰንጠረዡ ላይ ነው፣ ወይ ግራፉ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ሳይወሰን መጀመሩ ነው። አብሽሩ፣ ሁሉም መላ አለው። ከምልክቱ ተነሡ፤ ከታች ያለው እያንዳንዱ ርዕስ አንድ ምልክት ነው።

አንድ ወረዳ ሦስት ባር ይዞ ወጣ

ወረኢሉ፣ ወረ ኢሉ፣ ወረዒሉ። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ሰንጠረዥና ግራፍ ለምንሠራበት ለኤክሴል ግን ሦስት ወረዳ፣ ስለዚህም ሦስት ባር (በርዝመቱ ቁጥር የሚያሳይ ዘንግ)። ሐይቅ፣ ሀይቅና ኃይቅም እንደዚያው። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ በዓይን የማይታየው ነው፤ አንዱ «ደሴ» ብሎ ጽፎ ከኋላው ስፔስ ይጨምራል። ፒቮት ቴብሉ (ኤክሴል በየስሙ ቆጥሮ የሚያወጣው ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) ላይ ሁለት ደሴ ቁጭ ይላል፣ ብታፈጡበትም ልዩነቱ አይታያችሁም።

ስፔሱን በ«ትሪም» ፎርሙላ አጽዱ፣ የፊደሉን ልዩነት በ«ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» አንድ አድርጉ። ዳታ የሚያስገባው ሰው ከአንድ በላይ ከሆነ ግን ገና ሳትጀምሩ በ«ዳታ ቫሊዴሽን» የስም ዝርዝር ሥሩለት። ይምረጥ እንጂ አይጻፍ። ዘጠኝ ወረዳ አሥራ አራት ሆኖ ከመጣ የግራፍ ዓይነት መምረጥ ትርፉ ድካም ነው።

ፓይ ቻርቱ ተቆራርጦ የቱ እንደሚበልጥ አይታይም

ጤፍ፣ ማሽላ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽንብራ፣ ማሾ። ፓይ ቻርት ክብን እንደ ዳቦ ቆርሶ ድርሻ ያሳያል፤ እዚህ ስምንት ቁራጭ፣ ስምንት ቀለም። አንባቢው ዓይኑን ከክቡ ወደ ቀለም መፍቻው ሲያመላልስ ይደክመዋል።

ፓይ ቻርት አዲስ ነገር አይደለም። ዊልያም ፕሌይፌር የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1801 ነው ያሳተመው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ባር ግራፉን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1786። ችግሩ የዓይናችን ነው። ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉ ሁለት አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በ1984 በሙከራ እንዳሳዩት፣ ሰው ከአንድ መነሻ የሚለካን ርዝመት በደንብ ያመዛዝናል፤ አንግል ሲሆን ግን ይሳሳታል። ስለዚህ አግድም ባር ግራፍ ሥሩና ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩት። ፓይ ቻርት ይቅር አልልም። ሁለት ወይም ሦስት ምድብ ብቻ ሲኖርና አንዱ ጎልቶ ሲበልጥ ጥሩ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ድምሩ ከመቶ የሚያልፍበት ነው። ቃሉ ውስጥ ያለ ገበሬ «ምን ያመርታሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ ማሽላም፣ ጤፍም፣ ማሾም ሊል ይችላል። ከ100 ገበሬ 80ው ማሽላ፣ 60ው ጤፍ፣ 35ቱ ማሾ አሉ እንበል። ድምሩ 175 ነው። ፓይ ቻርት ላይ ስትከቱት ኤክሴል ምንም ሳይላችሁ 175ቱን እንደ ሙሉ ይወስድና ማሽላ 46 ከመቶ ብሎ ይጽፍላችኋል። አንባቢው ማሽላ የሚዘራው ከግማሽ በታች ነው ብሎ ይሄዳል። ከአንድ በላይ መልስ የሚፈቅድ ጥያቄ ፓይ ቻርት አይነካውም፤ ባር ግራፍ ብቻ። ከሥሩም «አንድ ሰው ከአንድ በላይ መልስ ሰጥቷል» ብላችሁ ጻፉ።

መስመሩ በወረዳዎቹ መሀል ይወጣል ይወርዳል

ላይን ግራፍ ለስም ተሰጥቷል ማለት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ በመሀል የምታልፉት መንገድ አለ። ግራፉ ላይ ግን በደሴ ነጥብና በኮምቦልቻ ነጥብ መሀል ምንም የለም። ወረዳዎቹን በሌላ ቅደም ተከተል ብትጽፏቸው ያ «አዝማሚያ» ተገልብጦ ሌላ ይሆናል። ወደ ባር ግራፍ ለውጡት።

ወራት ሲሆኑ መስመር ይፈቀዳል፣ ጊዜ ተከታታይ ስለሆነ። ጳጉሜን ግን ለብቻዋ አታስቀምጧት። በአምስት ወይም በስድስት ቀን ከሠላሳ ቀን ጋር ተሰልፋ ሁልጊዜ ገደል የገባች ትመስላለች። ከነሐሴ ጋር ደምሯትና ግርጌ ላይ ግለጹት።

መልሶቹ ቅደም ተከተላቸውን አጡ

«በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ» ብላችሁ ሰብስባችሁ ነበር። ግራፉ ላይ መካከለኛ፣ በጣም ጥሩ፣ ዝቅተኛ፣ ጥሩ ሆኖ መጣ። ኤክሴል በፊደል ተራ ደርድሮታል፤ መ፣ በ፣ ዘ፣ ጠ። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ግን በፊደል ተራም በከፍታም አንድ ዓይነት ይሰለፋሉ፣ እድል ሆኖላቸው። የቀረውን በ«ከስተም ሊስት» (ተራውን ራሳችሁ በምትጽፉበት ዝርዝር) አስተካክሉ። እንዲህ ያለ ደረጃ ያለው መልስ ከትልቅ ወደ ትንሽ አይደረደርም፤ የራሱ ተራ አለው።

አግድም ባር ላይ ደግሞ የመጀመሪያው መልስ ታች ይወርዳል። «ፎርማት አክሲስ» ውስጥ «ካታጎሪስ ኢን ሪቨርስ ኦርደር» የሚለውን ምልክት አድርጉ።

ትንሽ ልዩነት ተራራ አከለ

አንዱ ወረዳ 94 ከመቶ፣ ሌላው 96። ባሩ ላይ ግን አንዱ የሌላው ሦስት እጥፍ ነው። መለኪያውን እዩት፤ ከ93 ይጀምራል። ቁጥሮች ሲቀራረቡ ኤክሴል ራሱ እንዲህ ያደርጋል። «ፎርማት አክሲስ» ውስጥ «ሚኒመም» ላይ ዜሮ ጻፉ። ባር በርዝመቱ ነውና የሚነበበው፣ ከሥሩ ከተቆረጠ ውሸት ነው። ኃላፊው «ልዩነቱ ጎልቶ ይታይ» ቢሉም በዚህ አትስማሙ።

ሁለት ምድብ አንድ ላይ ተደራርቦ ተምታታ

ወረዳ በውሃ ምንጭ፤ ቧንቧ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ምንጭ፣ ወንዝ። በተደራራቢ ባር ስትሠሩት ከሥር ያለው ቧንቧ ብቻ በደንብ ይነጻጸራል። መሀል ያሉት መነሻቸው የተለያየ ስለሆነ ተንሳፍፈው ይቀራሉ።

እዚህ ጋ ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «በየወረዳው የቧንቧ ድርሻ ስንት ነው?» ከሆነ እስከ 100 ከመቶ የሚሞላ ተደራራቢ ባር ይበቃል፤ ቧንቧውን ከሥር አድርጉት። «ወንዝ የሚጠጣው ሰው የት ይበዛል?» ከሆነ ሌላውን ሁሉ ተዉትና የወንዝን ብቻ በተራ ባር ሥሩ። አራቱንም ማሳየት የግድ ከሆነ አራት ትናንሽ ግራፎች ጎን ለጎን፣ መለኪያቸው አንድ ዓይነት ሆኖ። እኔ ይሄን የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ ገጽ ይፈጃል፣ ግን ማንም አይሳሳትበትም።

በመቶኛ ስትሠሩ ስንት ቤት እንደተጠየቀ ከወረዳው ስም ጎን ጻፉ። ከ4 ቤት 3ቱም፣ ከ400 ቤት 300ውም 75 ከመቶ ናቸውና።

ጥቃቅኖቹ

«ደሴ ዙሪያ»፣ «ተሁለደሬ»፣ «ወረባቦ» ከሥር ተንጋደው ከተጻፉ ባሩን አግድም አድርጉት፤ ስሙ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ስሪዲ (ጥልቀት ያለው የሚመስል ግራፍ) ከመረጣችሁ አጥፉት፣ ከፊት ያለው ያለ ሥራው ይገዝፋል። በጥቁርና ነጭ የሚታተም ከሆነ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱን ፈዘዝ፣ ሌላውን ጠቆር አድርጉ። ማተሚያ ቤት ሄዳችሁ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከወጣ ኮምፒውተራቸው ላይ የግዕዝ ፎንት የለም፤ ፋይሉን ቤታችሁ በፒዲኤፍ ቀይራችሁ ውሰዱ።