ተገልጋይ ከመጥራታችሁ በፊት

ስድስት ዓመት የቀጠሮ መስኮት ላይ ሠርቼ ወደ አገልግሎት ማሻሻያ ክፍል ተዛወርኩ። እዚያ የመጀመሪያ ሥራዬ ተገልጋዮችን ሰብስቦ ማወያየት ነበር። 12 ሰዎች ጠራን። ባለቀለም ወረቀትና ማርከር ተገዛ። ኃላፊያችን "እንኳን ደህና መጣችሁ" ሊሉ ተነስተው 40 ደቂቃ ተናገሩ። ከዚያ ሰዉ ሐሳቡን ጻፈ፣ ግድግዳው በወረቀት ተሸፈነ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተበተንን።

ከሦስት ወር በኋላ ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ፣ ጠና ያሉ እናት፣ ኮሪደር ላይ አገኙኝ። "ልጄ፣ ያ የነገርናችሁ ነገር የት ደረሰ?" አሉኝ። የት እንደደረሰ አውቅ ነበር። ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ የፋይል መደርደሪያው አናት ላይ ተቀምጧል። "እየታየ ነው" አልኳቸው። አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲህ ከተገልጋዮች ጋር ሆኖ አገልግሎት የመንደፍ ሥራ ብዙ አይቻለሁ። የሰመረም አለ፣ የከሸፈም አለ። ተገልጋዩ ሐሳብ አጥቶ የከሸፈ ግን አንድም አላጋጠመኝም። ሁሌም የሚከሽፈው ጠሪው ሳይዘጋጅ ስለሚጠራ ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ግብዣው ከመላኩ በፊት ስላሉት ሳምንታት ነው። እኔ ቢያንስ ስምንት ሳምንት እጠይቃለሁ። "በሁለት ሳምንት አድርሺው" ከተባልኩ እምቢ እላለሁ።

ምኑ ይለወጣል?

መጀመሪያ ኃላፊዎቻችሁን ሰብስቡና አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ "ተገልጋዮቹ ይህ ይቀየር ቢሉን ምን ምኑን መቀየር እንችላለን?" መልሱ በጽሑፍ ይሁን። እኔ አንድ ትልቅ ወረቀት ሦስት ቦታ እከፍላለሁ። በአንዱ በሕግ የታሰረውና የማይነካው ይጻፋል። በሁለተኛው የበላይ ፈቃድ ተጠይቆበት ሊቀየር የሚችለው። በሦስተኛው ነገ ጠዋት በራሳችን ሥልጣን የምንቀይረው።

የመጀመሪያው ቦታ ቶሎ ይሞላል። አትቸኩሉ፤ እያንዳንዷን መስመር "የት ላይ ተጻፈ?" እያላችሁ ጠይቁ። እኛ ቤት ባለጉዳዩ ሁሉ ሁለት ፎቶግራፍ ያመጣ ነበር። ሁሉም "መመሪያ ነው" ይላል። መመሪያውን ፈልጉ ስላቸው ማንም አላገኘም። በመጨረሻ የተገኘው ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የቀድሞ ኃላፊ የጻፏት የውስጥ ማስታወሻ ናት። የመዝገብ ቤቱ አልበም ጠፍቶ ስለነበር ለጊዜው የተባለ ነገር! ፎቶው በዚያው ሳምንት ቀረ። አንድም ተገልጋይ ገና አልጠራንም ነበር።

ሦስተኛው ቦታ ባዶ ከሆነ ግን ሰው አትጥሩ። ማስታወቂያ ለጥፉ፣ ያ ይሻላል። የሰው ጊዜ አትብሉ።

ሌላም የምጠቀምበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሼሪ አርንስቲን የምትባል አሜሪካዊት የሕዝብ ተሳትፎን በስምንት ደረጃ መሰላል አስቀምጣው ነበር። የታችኞቹ ሁለቱ ጭራሽ ተሳትፎ አይባሉም። ቀጣዮቹ ሦስቱ ለይስሙላ ናቸው፤ ሰውየው ይነገረዋል፣ ይጠየቃል፣ ይባበላል፣ ውሳኔው ግን ሌላ ቦታ ይወሰናል። ሥልጣን መጋራት የሚጀምረው ከስድስተኛው ነው። ይህን መሰላል ስዬ ለእያንዳንዱ ኃላፊ ቁራጭ ወረቀት እሰጣለሁ። "በዚህ ሥራ ስንተኛው ላይ ነን?" ብዬ፣ ሳይተያዩ ቁጥር እንዲጽፉ አደርጋለሁ። አንዴ ከአንድ ጠረጴዛ ሦስትም፣ ሰባትም ወጣ። ያን ቀን ሌላ አጀንዳ አልነካንም። ጠባችሁን ተገልጋይ በሌለበት ጨርሱ።

መስኮት ላይ ያለው ሰው

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ መስኮት ላይ ስለነበርኩ አልዘለውም።

"ተገልጋዮች ሊመጡና ስለ አገልግሎቱ ሊናገሩ ነው" ሲባል መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ ሊያስወቅሱኝ ነው። ቢፈራ አይፈረድበትም። ቅጹን እሱ አላወጣውም፣ ሲስተሙን እሱ አልገዛውም፣ ስድቡን የሚጠጣው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ከተገልጋዮቹ በፊት እነሱን ለብቻቸው አነጋግሩ። ኃላፊ አይግባ። "ባለጉዳይ ላይ የሚጮኸው ማነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "በቀን ስንት ጊዜ ያንኑ ነገር ታስረዳላችሁ?" በሏቸው። ወሬው ይፈስላችኋል። ማን ይናገር የነበረ፣ ይባል የለ።

ከዚያ ከእነሱ መካከል ሁለት ሦስቱ ራሳቸው የንድፉ አካል ይሁኑ። ደግሞም ይህ ሥራ ከሠራተኛ ነው የተነሳው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ኮምፒውተር ወደ ፋብሪካ ሲገባ፣ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ከኮምፒውተር ተመራማሪው ከክሪስቴን ኒጎርድና ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሠራተኛው በቴክኖሎጂው ላይ ድምፅ እንዲኖረው ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ዩቶፒያ የተባለው የስካንዲኔቪያ ፕሮጀክት ከጋዜጣ ማተሚያ ሠራተኞች ጋር ተጀመረ። ያኔ ዕቃው ገና በእጃቸው ስላልነበረ፣ ካርቶን ላይ "ሌዘር ፕሪንተር" ብለው ጽፈው፣ እውነተኛ አስመስለው ሥራውን ይሞክሩበት ነበር።

እኔም ካርቶን እወዳለሁ። አዲስ መስኮት፣ አዲስ ቅጽ፣ አዲስ የወረፋ ሥርዓት ሁሉ መጀመሪያ በካርቶንና በወረቀት ይሞከር። ሰው ያማረ ነገር ሲያይ "ጥሩ ነው" ብሎ ያልፋል። ካርቶን ሲያይ ግን እስክሪብቶ አንስቶ ይሰርዝበታል።

ገንዘብ፣ ቶሎ

ለተገልጋዮች ጊዜያቸውን ክፈሏቸው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ደመወዝ የማይታሰብላቸው እነሱ ብቻ ከሆኑ ሁሉም ነገር ገና ከመነሻው ያዘነብላል። ችግሩ ክፍያው እንዴት ይወጣል የሚለው ነው። መጀመሪያ ፋይናንስ ስሄድ "ደረሰኝ ያቀርባሉ?" ተባልኩ። ሰዎች ናቸው እኮ! አምስት ሳምንት ፈጀብን። ስለዚህ ፋይናንስን በመጀመሪያው ሳምንት አነጋግሩ፤ በምን መደብ እንደሚከፈል፣ ማን እንደሚፈርም፣ ሰዉ በዚያው ቀን ይዞት እንደሚሄድ። ትራንስፖርት፣ ልጅ የሚይዝ ሰው፣ አስተርጓሚ ካስፈለገ እሱም በጀቱ ውስጥ ይግባ።

ማን ይጠራ?

ቋሚ ተሰብሳቢ አለ። ስትጠሩት ቶሎ የሚመጣ፣ በደንብ የሚናገር፣ የሚያመሰግናችሁ። ይምጣ፣ ግን እሱ ብቻ አይምጣ። እኔ የምጀምረው ቀጠሮ ይዘው ካልመጡት ሰዎች ዝርዝር ነው። ለምን ቀሩ? ጀምረው የተዉት ለምን ተዉ? ስልክ ደውሉ፣ ካልሆነ ያሉበት ሂዱ።

አካል ጉዳተኛ ከጠራችሁ ሁለት ሦስት ሰው ጥሩ። አንዱን ብቻ ጠርቶ የሁሉንም ችግር እንዲያስረዳ ማድረግ ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 4 ንዑስ ቁጥር 3፣ አገሮች እነሱን የሚመለከት ውሳኔ ሲወስኑ በቅርብ እንዲያማክሯቸውና እንዲያሳትፏቸው ያስገድዳል። ኃላፊ ሲያንገራግርባችሁ ይህን አንብቡለት።

የመጋበዣውን ቃልም አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። "ባለድርሻ አካላት ግብዓት እንዲሰጡ" የሚል ካለበት ሰርዙት። እኔ ማንም "ግብዓት" እንዲለኝ አልፈልግም።

መልሱ ቀድሞ ይቀጠር

ስብሰባው ከመደረጉ በፊት የመልሱ ቀን በካላንደር ላይ ይያዝ። እኛ 15 ቀን እንላለን። በ15ኛው ቀን አንድ ገጽ ይላካል። ምን እንዳላችሁን ሰማን፣ ይህን እናደርጋለን፣ ይህን አናደርግም፣ ምክንያቱ ይህ ነው። "አናደርግም" የሚለው እንዳይቀር። ሰው እንቢታን ይችላል። የማይችለው ዝምታን ነው። ገጹን የሚጽፈው ሰውም ከወዲሁ በስም ይታወቅ፤ "ኮሚቴው" ከተባለ ማንም አይጽፈውም።

በውሳኔው ላይ የሚፈርመው ኃላፊም አዳራሹ ውስጥ ይኑር፣ ግን ከኋላ ይቀመጥና መጨረሻ ይናገር። ይህን ማሳመን ከባድ ነው። እኔ ኃላፊያችንን ያሳመንኳቸው የመጀመሪያውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አውጥቼ ነው። የማን ንግግር ስንት ገጽ እንደያዘ በጣቴ አሳየኋቸው። ትንሽ ዝም አሉ። "ይህን ያህል?" አሉኝ።

በሁለተኛው ዙር እኚያን እናት ራሴ ደውዬ ጠራኋቸው። ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። መጡ። በመጀመሪያው ስብሰባ ያሉት ነገር ትዝ ይለኛል፤ ስማቸው ከነክፍሉ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ፣ ለምን እንደመጡ አዳራሹ ሁሉ እንደሚያውቅባቸው ነበር የተናገሩት። አሁን ግን ያንን አላነሱም። ቁጭ ከማለታቸው እጃቸውን አወጡና "ዛሬ የምንለውን ነገር ማን ነው የሚፈርምበት?" ብለው ጠየቁ።

ከኋላ ወንበር ኃላፊያችን እጃቸውን አነሱ።