የጎረቤት ድመት ጓሯችንን መጸዳጃ ስታደርገው

ልጆቼ አፈር ላይ ነው የሚውሉት። ስለዚህ የጎረቤት ድመቶች እዚያው መጸዳዳታቸው ለእኔ የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በድመት ዓይነ ምድር ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባል በሽታ ይተላለፋል፤ ነፍሰ ጡር ከያዛት ጽንሱንም ሊጎዳ ይችላል። ደግነቱ የበሽታው ተውሳክ ሰው ለመያዝ የሚደርሰው ከዓይነ ምድሩ ጋር ከወጣ ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። በየቀኑ ማንሳት ያለብን ለዚህ ነው። ጓንት አድርጉ፣ በአካፋ አንሱት፣ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ነፍሰ ጡር ካለች ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራላት።

ድመት የምትመርጠው ደረቅና የላላ አፈር ነው፤ ቆፍራ መቅበር ትፈልጋለች። እንግዲያው መቆፈሪያ አሳጧት። አዲስ የተዘራ መደብ ላይ የዶሮ ሽቦ አንጥፉና ስስ አፈር አልብሱት፤ ቡቃያው በቀዳዳው ይወጣል። ሽቦ ከሌለ ጭራሮ አጠጋግታችሁ ሰኩ። መደቡን ውኃ ማጠጣትም ይረዳል፣ እርጥብ አፈር አትወድም። የልጆች መጫወቻ አሸዋ ካላችሁ ግን ጨዋታው እንዳበቃ ይከደን፤ ይኼን አደራ እላለሁ።

እኔን ከሁሉም በላይ የረዳኝ ራቅ ያለ ጥግ ላይ ደረቅ አሸዋ መድፋቴ ነው። ድመቶቹ ወደዚያ ዞሩ፣ ማጽዳቱም ቀለለኝ።

ድመት ለማባረር ብላችሁ ናፍታሊን (የልብስ ብል መከላከያውን) በፍጹም አትበትኑ፤ ለድመትም ለልጅም መርዝ ነው። በርበሬም ዓይንና መዳፏን ያቃጥላታል፣ እንስሳዋ ምን አጠፋች?

ጎረቤትን ስታናግሩ በቁጣ አይሁን። «እናንተም ግቢ አሸዋ ብታስቀምጡላት» ማለት ይበቃል።