ኤሲው ይሠራል፣ ክፍሉ ግን አይቀዘቅዝም

«ጋዙ አልቋል መሰለኝ» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ብዙ ነው። ኤሲ የሚያቀዘቅዝበት ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ፣ እሱ ሳይደፈን መሙላት በቀዳዳ ባልዲ ውኃ መቅዳት ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ የጎደለው ጋዝ ሳይሆን አየር ነው።

ሪሞቱ ማቀዝቀዣ ላይ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ነፋሱ ደክሟል፣ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ቱቦው በረዶ ይዟል

ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። ፊልትሮው፣ ማለትም የአየር ማጣሪያው፣ በአቧራ ተደፍኗል። የሚያልፈው አየር ሲያንስ የውስጠኛው ኮይል (ጋዙ የሚያልፍበት ቀዝቃዛ ጥቅልል ቱቦ) ከ0 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ላዩ ላይ ያለው እርጥበት በረዶ ይሆናል። በረዶው የተረፈችውንም አየር ይዘጋል። ማሽኑ ሲጠፋ ይቀልጥና ግድግዳችሁን ያጥባል።

ሁለት ጊዜ ጋዝ የተሞላለት ኤሲ ጋ አንዴ ተጠራሁ። ክዳኑን ሳነሳ ፊልትሮው አይታይም፣ ያለው ግራጫ ምንጣፍ ነው። ጠርዙን ይዤ ስስበው አቧራው እንደ ቆዳ ተገፎ መጣ። ባለቤቱ «ይሄ ነገር ይወጣል እንዴ?» አለኝ። አራት ዓመት ተጠቅሞበታል! ሌላኛው ደግሞ አቧራ እንዳይገባ ብሎ ፊልትሮው ላይ ጨርቅ ደርቦበት አገኘሁት። የሰው አፍ ላይ ትራስ መጫን በሉት።

መጀመሪያ ማቀዝቀዙን አቁሙ፣ ማራገቢያው ብቻ ይሥራ። በረዶው እስኪቀልጥ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። በቢላዋ የሚፍቁ አሉ። አትፍቁ! ቱቦው ከተበሳ ያኔ ጋዙ የምር ያልቃል። ከዚያ ከብሬከር አጥፉና ፊልትሮውን አውጥታችሁ ለብ ባለ ውኃ እጠቡ። ውኃው ከንጹሑ ፊት ገብቶ በቆሸሸው በኩል ይውጣ። የፈላ ውኃ ፍሬሙን ያጣምመዋል። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ እርጥቡን አትመልሱ። በየ2 ሳምንቱ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩት፣ አቧራማ ቦታ ከሆነማ ከዚያም ቶሎ። የወረቀት ፊልትሮ ግን አይታጠብም፣ ይቀየራል። ፍሬሙ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማራገቢያው ይዙር።

ፊልትሮው ንጹሕ ነው፣ ነፋሱ አሁንም ደካማ ነው

በባትሪ ወደ አየር መውጫው አብሩ። ረጅሙ ተሽከርካሪ ማራገቢያ ክንፎቹ መሃል ጥቁር ጭቃ ከያዘ ነገሩ እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ልኩ ያልሆነ ርካሽ ፊልትሮ ነው፤ በጎኑ አቧራ ያሾልካል። እንደዚህ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ቢያፍር ጥሩ ነበር። ተሽከርካሪው ወጥቶ ይታጠባል፣ የባለሙያ ሥራ ነው። እንጨት ሰዳችሁ አትፈልፍሉት፤ አንድ ክንፍ ከተሰበረ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ይኖራል።

ክፍሉን ሲያሞቅ ራሱን በራሱ ያጠፋል

ያው አየር ነው። ሙቀቱን የሚወስድለት ሲያጣ ከመጠን በላይ እንዳይግል የተገጠመለት መከላከያ ያቋርጠዋል። መከላከያውን አልፎ በሽቦ ቀጥታ ያገናኘ ሰው አይቻለሁ። ቤት ያቃጥላል፣ ሌላ የምለው የለኝም።

አንዱ ክፍል ብቻ አየር አያገኝም

ይህ ከጣሪያ በላይ በተዘረጋ ቱቦ የሚሠራው ላይ ነው። ተጣጣፊው ቱቦ ተጨፍልቆ ወይም ከመገጣጠሚያው ወጥቶ ይሆናል። የክፍሉ አየር ወደ ማሽኑ የሚመለስበት ቀዳዳ ላይ ሶፋ ተደግፎም ያውቃል። «የማልጠቀምበትን ክፍል ልዝጋ» ብሎ መውጫዎቹን ሁሉ መድፈን ቁጠባ አይደለም፤ ማራገቢያውን ያስጨንቃል።

ከቤት ውጪ የተተከለው የኤሲው አካል ዕቃ ተቆልሎበት ከሆነ አንሱለት። የእሱ ማራገቢያ እያጉረመረመ ካልዞረ ካፓሲተሩን (ሞተሩን የሚያስነሣውን ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ዕቃ) ጠርጥሩ፣ ግን አትንኩት፤ መብራቱ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ይህን ሁሉ ጨርሳችሁ ማሽኑ ሩብ ሰዓት ሲያቀዘቅዝ ከቆየ በኋላ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ለኩ። እንደ እርጥበቱ ቢለያይም ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ልዩነት ጤናማ ነው። ከዚያ በጣም ከሰፋ አሁንም አየር አንሷል። ነፋሱ ጠንካራ ሆኖ ልዩነቱ 3 ወይም 4 ብቻ ከሆነ፣ እሺ፣ አሁን ስለ ጋዝ እናውራ።