ስለ እስልምና ስታስተምሩ ከመስጊዶቹ ጀምሩ

ብዙ ልጆች ሙስሊም ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላቸዋል። «ሱኒ፣ ሺዓ» እያሉ በትርጓሜ መጀመር ደግሞ ያሰለቻቸዋል። እኔ የምመክረው የመስጊድ ፎቶ ነው።

የማሊዋን ጄኔ አሳዩ። መስጊዱ የጭቃ ነው፤ የከተማው ሰው በየዓመቱ ወጥቶ በጋራ ይመርገዋል። ቀጥሎ የቻይናውን የሺያን ታላቅ መስጊድ። እንደ ቻይና ቤተ መቅደስ የተሠራውን ጣሪያውን ያየ ልጅ «ይሄም መስጊድ ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ክፍሉ ተነቃቃ ማለት ነው። ሁለቱም ጋ ወደ መካ ዞሮ እንደሚሰገድ እዚህ ላይ ጣል አድርጉ።

ከዚያ ወደ አገር ቤት። በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የሐረር ጀጎልን አሳዩ፤ የወሎ መንዙማ አሰሙ። መንዙማን የሚወድ ሙስሊም እንዳለ ሁሉ የማይቀበለውም አለ። ይህን አትደብቁ፤ ልዩነቱ እዚሁ ሰፈራችን አለ።

ሱኒና ሺዓ ለከፍተኛ ክፍሎች ይቆይ። ከነቢዩ ሙሐመድ ሞት በኋላ ማን ይምራ ከሚለው ጥያቄ መነሳቱ ለመነሻ ይበቃል።

አደራ፣ ሙስሊሙን ተማሪ «እስቲ አንተ አስረዳን» አትበሉት። የእሱ ቤት ልማድ የሁሉም አይደለም። ራሱ እጁን ካወጣ ግን ዕድሉን ስጡት።