የልጅ እግር ሲሰበር፦ ከካርቶን ማሰሪያው እስከ ጀሶው መፍቻ

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ የገጨው ወይም ከዛፍ የወደቀ ልጅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ወጌሻ ቤት ነው። የልጅ አጥንት ቶሎ ይገጥማል፤ ትንሽ ቢጣመምም ሲያድግ ይቃናል፤ ወጌሻው የሚመሰገነውም በዚሁ ነው። ልጅን እግር የሚያሳጣው ጠብቆ የታሰረ ነገር ነው። ቀርከሃም ይሁን ጀሶ፣ እብጠቱ ሳያበቃ እግሩን ዙሪያውን ካፈነው ደም ጡንቻው ውስጥ መዞር ያቅተዋል፤ ጡንቻውም በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል።

ልጁ እንደወደቀ እግሩን አይጎትቱ፣ አያሹ፣ ቅቤም አይቀቡ። ጠንካራ ካርቶን አጥፈው ከስብራቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ አብሮ እንዲይዝ አድርገው ይሰሩት፦ ቅልጥሙ ከሆነ ከጭን አጋማሽ እስከ ተረከዝ፣ ጭኑ ከሆነ ከብብት ስር እስከ ተረከዝ። ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ስር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ይሙሉ። ለማሰሪያ ሻሽ ወይም ሰፋ ያለ የነጠላ ቅዳጅ ይሻላል፤ ገመድ ይቆርጣል። ማሰሪያው ስብራቱ ላይ አይረፍ፤ ጣቶቹ ይታዩ፤ በስሩ የእርስዎ አንድ ጣት ካላለፈ ያላሉት። ቆዳው ተቀዶ አጥንት ከታየ መልሰው አይግፉት፤ በንጹህ ጨርቅ ሸፍነው ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ፤ አንቲባዮቲክና የቲታነስ ክትባት ሳይዘገዩ መሰጠት አለባቸው።

ለህመሙ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ይሰጣል። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 180 ሚሊግራም ይወስዳል፤ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ከያዘው ሽሮፕ 7.5 ሚሊሊትር ማለት ነው። በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም የሚይዝም ስላለ ጠርሙሱን ሳያነቡ አይቅዱ፤ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ምግብ ግን አይስጡት፤ ማደንዘዣ ካስፈለገ 6 ሰዓት ባዶ ሆድ ይጠየቃል።

የጭን ስብራት ሕክምና እንደ ዕድሜው ይለያያል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከደረት እስከ እግር የሚወርድ ጀሶ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ እስከ 11 ዓመት ድረስ ብዙ ጊዜ አጥንቱ ውስጥ ተጣጣፊ ብረት ይገባል። የትንሹ ልጅ ራጅ ላይ የአጥንቱ ጫፎች በትንሹ ተደራርበው ሲታዩ ወላጅ ይደነግጣል፤ የተሰበረ ጭን ከጤነኛው ፈጥኖ ስለሚያድግ እስከ 2 ሴንቲሜትር የሚደርስ ማጠር አብዛኛውን ጊዜ ይካካሳል። ገና መራመድ ያልጀመረ ሕፃን ጭኑ ከተሰበረ ደግሞ ሐኪሙ ስለ አወዳደቁ ደጋግሞ ቢጠይቅ አይቀየሙ፤ መጠየቅ ግዴታው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጀሶው ከታሰረ በኋላ ያሉት 48 ሰዓታት እንቅልፍ የሚያሳጡ ናቸው። እግሩን በትራስ ከልቡ ከፍ ያድርጉ። በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ቢሆን እየተነሱ፣ የአውራ ጣቱን ጥፍር ነጭ እስኪሆን ተጭነው ይልቀቁ፤ ቅላቱ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ወይም ጣቶቹ ከሌላው እግር ከቀዘቀዙ ችግር አለ። በዚህ ብቻ ግን አይተማመኑ፤ ጣቱ ሞቆና ቀልቶ ሳለ ጡንቻው ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የሚናገረው ህመሙ ነው፦ ፓራሲታሞል ወስዶም ለቅሶው ከባሰ፣ እረፍት ካጣ፣ ወይም ጣቶቹን ቀስ ብለው ወደ ላይ ሲያጥፉለት ከጮኸ፣ ንጋትን አይጠብቁ። የወጌሻ ቀርከሃ ከሆነ እዚያው ይፍቱት። ጀሶ ከሆነ እግሩን ወደ ልቡ እኩያ ዝቅ አድርገው ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ ጀሶው ከላይ እስከ ታች፣ ከስሩ ያለው ጥጥም ጭምር፣ ቆዳ እስኪታይ መሰንጠቅ አለበት። ጀሶው ተሰንጥቆ ጥጡ ከቀረ ማፈኑ አይለቅም።

ጀሶ እስኪደርቅ 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል። በመዳፍ እንጂ በጣት አይያዝ፤ የጣት ጉድጓድ ከስሩ ቁስል ይፈጥራል። ከሰል አጠገብ አያስጠጉት፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ቆዳም ያቃጥላል።

የደረት ጀሶ ያለበትን ልጅ ጭንቅላቱን ከፍ አድርገው ያስተኙት፤ ሽንት ወደ ጀርባው እንዳይገባ። ትንሽ ዳይፐር በቀዳዳው ጠርዝ ስር አስገብተው ከላይ ትልቅ ይደርቡበት። በየ2 እስከ 4 ሰዓቱ ያገላብጡት፤ በእግሮቹ መካከል ያለውን እንጨት ግን እጀታ አያድርጉት፣ ጀሶውን ይሰነጥቀዋል። ለቀጠሮ ባጃጅ አይሞከርም፤ አግድም አይገባምና ሰፊ መኪና ይያዙ። ለማሳከክ እስክሪብቶ ወይም ስንጥር አያስገቡ፤ መጥፎ ሽታ ከመጣ ከስሩ ቁስል አለና ያሳዩት።

ጀሶው ሲፈታ እግሩ ቀጭን፣ ቆዳውም ቅርፊት ይሆናል፤ በለብታ ውሃ አርጥበው ዘይት ይቀቡ፣ አይፈትጉ። ለጥቂት ሳምንታት ማነከስ የተለመደ ነው። ስብራቱ የአጥንቱን ማደጊያ ጫፍ ነክቶ ከሆነ ግን ልጁ እየሮጠም ቢሆን ቢያንስ ለ1 ዓመት ክትትሉን አያቋርጡ፤ የእግር ማጠርና መጣመም ዘግይቶ ነው የሚታየው።